ያልተጣሉትን ማስታረቅ

በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬአለሁ። ሁለቱ ለጋብቻ ነበር፤ አንደኛው ጋብቻ ፈርሷል፣ ሁለተኛው እንዲፈርስ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ይጸልያሉ። ሦስተኛው ሁለት ሴቶችን ለማስታረቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አልተጣሉም። ይህንን አውቅ ነበር፤ ሆኖም ሄድኩ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሽማግሌ ተብሎ መጠራት አሁንም ትንሽ ያኮራኛል መሰለኝ። ስለዚህ የሚያስጠላኝን ሁሉ ከመዘርዘሬ በፊት ዝርዝሩ ውስጥ ራሴም እንዳለሁበት ላስታውቅ።

ነገሩ የተጀመረው ከመዋኛ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበር፣ ማለትም ፈራይኑ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት የረቡ ነገሮችን ሠርቷል፦ አንደኛው የቀብር ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የሴቶች የመዋኛ ትምህርት። ሁለተኛውን የጀመረችው ሁላችንም «ሲስተር» የምንላት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ለትምህርት መጥታ፣ አገር ቤት የማይመለሱበት ሲሆን እዚሁ የቀረች፣ ዕድሜዋን በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የጨረሰች ሴት። አንድ ቀን አንዲት ባሕር አቋርጣ የመጣች ወጣት ገላዋን ስትታጠብ ውኃው ፊቷን ሲነካት ትንፋሽ እንደሚያጥራት ነገረቻት። ሲስተር ማጽናናትን የምታውቅ ሰው አይደለችም። «መዋኘት ትማሪያለሽ» አለቻት፤ በቃ።

በሰሜኑ የከተማው ክፍል ካለ አንድ ትምህርት ቤት ትንሿን የመዋኛ ገንዳ ቅዳሜ ከሰዓት ተከራዩ። ውኃዋ ሞቃት ናት፣ ከደረት አታልፍም። አሥራ አራት ሴቶች ተመዘገቡ፤ ነጠላ የሚለብሱም፣ ሒጃብ የሚለብሱም፣ አንዲት ኤርትራዊትም። መስኮቶቹ ተጋረዱ። ወንድ የሚባል እንዳይገባ ሆነ፤ የሚጠብቀው ጀርመናዊም በሩን ከፍቶ ይወጣል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ትምህርቱን በንግግር ሊከፍት መጥቶ ሲስተር ኮሪደር ላይ አቆመችው። ንግግሩን ደጅ ለተደረደሩት ጫማዎች አነበበ። ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ጫማዎቹ አላጨበጨቡም።

ከዚያ አንዲት ሴት ለሲስተር ደወለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ መሀል ከተማ ካለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች። መጀመሪያ ስትመጣ በሐኪም ቤት አስተርጉሜላት ስለነበር አውቃታለሁ፤ ያን ጊዜ ኮፍያ አድርጎ፣ ወለሉን እያየ የሚናገር ቀጭን ወንድ ነበረች። አዲሱ ሕግ ከወጣ በኋላ መዝገብ ቤት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይዛ ስሟንና ጾታዋን አስለውጣለች። ትራንስ የሚለው ቃል በአማርኛችን ገና ቤት አላገኘም፤ በእኛ ሰው አፍ በሹክሹክታ ነው የሚነገር፣ እንደ ካንሰር። እሷም ባሕሩን አቋርጣ ነው የመጣች። ጀልባዋ ውኃ ስትሞላ የዘይት ጄሪካን አቅፋ አድራለች።

ሲስተር የሆነውን የነገረችኝ እኔ ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ ቬስትኤንድ ሰፈር፣ የምትመልሰውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ እየደረደረች ነው።

«ደወለችና ‹ሲስተር፣ መዋኘት መማር እፈልጋለሁ› አለችኝ። ከዚያ ‹ማን እንደሆንኩ ሰምተዋል መሰለኝ› አለች። ‹ሰምቻለሁ› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«እውነቱን ነገርኳታ! ‹ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ገላ ሳጥብ የኖርኩ ነኝ። ሴትነት የገላ ነገር ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ወረቀት ይህን አይለውጥብኝም። ከሥራሽ ወይ ከቤትሽ ሊያስወጣሽ የሚመጣ ካለ ግን መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ። እዚያ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ሊቢያ ላይ የደረሰባቸውን ለሐኪም እንኳ ያልተናገሩ ሴቶች አሉኝ። እነሱ መሀል አላስገባሽም› አልኳት።»

«ዘጋችብዎት?»

«ምን ትዘጋለች! ‹ተሳስተዋል› አለችኝ። ‹ሴት ነኝ፤ እርስዎ ስላላመኑ ሴትነቴ አይቀርም። ግን ውኃው ያስፈልገኛል። ስተኛ አሁንም እሰምጣለሁ› አለች። ወደድኳት።»

ሲስተር በሩን የሚከፍተውን ጀርመናዊ ለመነችው፤ ገንዳዋ ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትከፈት ጀመር። ልጅቱ ለብቻ በሚዘጋ ካቢነ፣ በትንሽ ልብስ መቀየሪያ፣ ውስጥ ትቀይራለች፣ ሲስተር ብቻዋን ታስተምራታለች፣ አሥራ አራቱ ሲመጡ እሷ ፀጉሯን አድርቃ ሄዳለች። ሁለቱም በዚህ አልረኩም። ልጅቱ በጓሮ በር እንደመግባት ቆጥራዋለች፤ ሲስተርም በሐሰት ላይ እንደመተባበር ቆጥራዋለች። ሆኖም በየቅዳሜው ሁለቱም ሰዓታቸውን አክብረው ይመጡ ነበር፤ ውኃው ውስጥም ይከራከሩ ነበር።

«በጀርባሽ ተኚ፤ ሰውነትሽን ልቀቂው» ትላታለች ሲስተር ከሥሯ ደግፋ።

«በማያምነኝ ሰው እጅ ላይ እንዴት ብዬ ልልቀቀው?»

«እጄ ያምንሻል፤ አፌን ተይው።»

በስድስተኛው ቅዳሜ ልጅቱ ያለ እጅ ተንሳፈፈች። የቀራት እግሯን እየመታች ወደፊት መሄድ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤአለሁ። የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት በመደርደሪያ ቁጥራቸው አውቃቸዋለሁ፤ ሥራዬም መደርደር ነው። አቋሜ ከሁለቱም ጋር ያጣላኛል፦ ገላ ቀልድ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ገላን ሰበብ አድርጎ ሰውን ከሥራ፣ ከቤትና ከውኃ የሚያባርር ደግሞ ያስጠላኛል። አንዱ ሰው እምነቱን እንዲይዝ፣ ሌላው ሰው መብቱን እንዲያገኝ እንዴት ይደረጋል ብለው ዳኞችና ምሁራን የጻፉትን ገጽ በገጽ አይቻለሁ። ከዚያች ግማሽ ሰዓት የተሻለ አላገኘሁም። ፍጹም ስለነበረች አይደለም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የተነጋገሩባት ስለነበረች ነው።

ታዲያ ከአሥራ አራቱ አንዷ አንድ ቅዳሜ ቀድማ መጣች። አየች፤ ለባሏ ነገረች። ባሏ ወንዶቻችን ወደሚሰበሰቡበት የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደ። በሳምንቱ አጋማሽ ሁለት ጦር ተሰልፎ ነበር።

የመጀመሪያው ጦር የምግብ ቤቱ የማዕዘን ጠረጴዛ ነው፤ ቢራ ይዘው አገር የሚያድኑ ወንዶች። «ሲስተር አንበሳ ናት! አላስገባም አለችው እኮ!» ይላሉ። ከዚያ ስለ ልጅቱ የሚሉትን አልጽፈውም፤ ብርጭቆዬን ገፍቼ የተነሣሁበት ነው። ከሣቁት አንዱ ላይ ግን ዞርኩ።

«ሚስትህ ከአሥራ አራቱ አንዷ ናት አይደል?»

«ናት፤ ታዲያስ?»

«ስንት ሰዓት ነው የምትዋኘው?»

ቢራውን አነሣ።

«እሷስ ምን ትላለች በዚህ ነገር?»

«ሴቶቹን ምን ያገባቸዋል?» አለኝ፤ የምሩን ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሴቶችን ክብር ለማስጠበቅ ሴት መጠየቅ እንደማያስፈልግ እዚያ ተማርኩ።

ሁለተኛው ጦር የማኅበሩ የወጣቶች ክፍል ነው። እዚሁ የተወለደች አንዲት ብልህ ተማሪ አራት ገጽ ጀርመንኛ ጻፈች፦ በሌላ ሰዓት ማስተማር ማግለል ነው፤ ሲስተር በአደባባይ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ሥልጠና ትውሰድ፣ አለዚያ ትነሣ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ምዕራፍ ነበረው። ተማሪዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማውቃት ደወልኩላት።

«ከሴትየዋ ጋር ተነጋግረሻል ወይ የኔ ልጅ?»

«ሙስ ኢሽ ኒሽት» አለችኝ፤ ግዴታ የለብኝም ማለቷ ነው። ከዚያ አዘነችልኝና ወደ አማርኛ መጣች፤ «ጋሼ፣ ነገሩ እኮ ስለ እሷ ብቻ አይደለም።»

ሁለቱ ጦሮች የማይግባቡ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ነገሩ ስለ እሷ አይደለም። ስለ ሲስተርም አይደለም። ስለ ውኃውማ ጭራሽ አይደለም። በልጅነቴ ቄራ አካባቢ የሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ውሾች አንድ አንጀት ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ሲጎትቱ አይቻለሁ። አንጀቱን ማንም አስተያየት አልጠየቀውም።

ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ከተማው ለማኅበሩ የሚሰጠው ድጋፍ ይቋረጣል ብሎ ፈራ፤ ሃይማኖተኞቹ አባላት ይሸሻሉ ብሎም ፈራ። ሁለቱን ፍርሃቶች ደምሮ «ሚዛን» አላቸው። «ሚዛን መጠበቅ አለብን» ይል ጀመር በየስልኩ። ከዚያም የእኛ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ሰየመ። እኛ ዘንድ ሰዎች በሐሳብ ሊለያዩ አይችሉም፤ ተጣልተዋል ማለት ነው። ለጠብ የሚሆን መሣሪያ ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ላለመስማማት የሚሆን ግን አላወረሱንም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠብ እንፈጥርላቸዋለን፣ ቀጥሎ እናስታርቃቸዋለን።

ሦስት ነበርን፦ ሊቀ መንበሩ፣ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ እና እኔ። ፕሮይንገስሃይም ካለው አዲስ የመኖሪያ መንደር የጋራ አዳራሽ ተከራይተን እሑድ ከሰዓት ተቀመጥን። ዝናብ ነበር። በመስኮቱ አየሁ፤ ሁለቱ ሴቶች ከኡባን፣ ከምድር ባቡሩ፣ ፌርማታ በአንድ ጥላ ሥር እየመጡ ነው፤ ሲስተር እጇን እያወናጨፈች አንድ ነገር ታስረዳለች፣ ልጅቱ ትሥቃለች። ነጋዴው ጎኔን ነካኝ።

«እነዚህን ነው የምናስታርቀው?»

«እነዚህን ነው።»

«አላህ ይርዳን» አለ።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቱን አንተም አንቺም ለማለት ስላልደፈረ አርባ ዓመት ለማይሞላት ሰው አንቱታ ጀመረ። እሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

«እንግዲህ» አለ፣ «በመካከላችሁ የገባውን ሰይጣን ለማውጣት ነው የተሰበሰብነው። ማን ነው የበደለ?»

«ማንም» አለች ሲስተር።

«የተበደለስ?»

«እኔም አልተበደልኩም» አለች ልጅቱ። «አልተስማማንም እንጂ አልተጣላንም።»

«ካልተስማማችሁ ተጣልታችኋል።»

«ከባለቤትህ ጋር በሁሉም ትስማማለህ?» አለችው ሲስተር። ነጋዴው ሣቁን በሳል ሸፈነ።

ሊቀ መንበሩ ግን ወረቀት አዘጋጅቶ መጥቷል። ሁለት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ሲስተር ‹በአመለካከቴ ሰው ስላስቀየምኩ እጸጸታለሁ፣ አመለካከቴንም አርማለሁ› ብላ ትፈርማለች። በሁለተኛው ልጅቱ ‹ለማኅበሩ ሰላም ስል ከትምህርቱ ራሴን አግልያለሁ› ብላ ትፈርማለች። ሚዛን ማለት ይህ ነው። ከአንዷ እምነቷን፣ ከሌላዋ ውኃዋን።

ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እኔ የማላምነውን አምናለሁ ብዬ አልፈርምም። ሆስፒታል እያለሁ ለዋና ሐኪሙም አልፈረምኩም። እሷን ደግሞ ማን ነው የሚያስወጣት? ሁለት ቅዳሜ ብቻ እኮ ነው የቀራት!»

«እኔም እንድታምን ጠይቄአት አላውቅም» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ቃሎቿ ግን ጥርት ያሉ። «በሙሉ ሰዓት፣ ከሌሎቹ ጋር መማር ነበር የምፈልገው፤ ልክ አልሠራችብኝም ብዬ አሁንም አምናለሁ። ለራሷም ነግሬአታለሁ። ግን ግማሿ ሰዓት የእኔ ናት። ለምን ትወስዱብኛላችሁ?»

ጥያቄው እኛን ነበር። ነጋዴው ቀና ብሎ «የኔም ሚስት እዚያ ትማራለች፤ ጠይቄአት ነበር» አለ። «እንደ ነበረው ይሁን ነው ያለችኝ። እኔም እንደ ነበረው ይሁን እላለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። ሁለት ለአንድ ይሆን ነበር። እኔ ስለ ድፍረት ሦስት ድርሳን የጻፍኩ ሰው፣ በጋዜጣ ላይ ከሁለቱም ወገን ስድብ ሰብስቤ እንደ ኒሻን የማንጠለጥል ሰው፣ የሊቀ መንበሩን ፊት አየሁና «ነገሩን ትንሽ ብናጠናው» አልኩ።

ይህንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ። 

«ይጠና!» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ዕፎይ ብሎ። «እስከዚያው ይቅር ተባባሉ።» ተነሥተን ቆምን። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ከእኛ ቶሎ ለመገላገል ይመስለኛል። ሊቀ መንበሩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣቸው። «ለመታሰቢያ» አለ። እኛ ኡባን ሳንደርስ መላው የከተማው ሐበሻ ካለበት የስልክ ቡድን ላይ ለጥፎታል፤ «እርቅ ወረደ» ብሎ፣ የሁለት እጅ ሥዕል ጨምሮ።

የቀረውን መገመት ከባድ አይደለም። የማዕዘኑ ጠረጴዛ ሲስተርን ከአንበሳነት ሻራት፤ «ስማዋለች እኮ!» ሆነ ወሬው። ወጣቶቹ ደግሞ ተበዳይን በዳይዋን እንድትስም ማስገደድ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ ሁለት ገጽ ጻፉ፤ እዚህ ላይስ እውነት አላቸው። ከዚያ ፎቶው ቀጥታ ስርጭት ከሚያካሂድ ከአንዱ አፈኛ እጅ ገባ፤ ሁለቱን ሴቶች ሌላ አገር ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ በላቸው። አዲስ አበባ ያለው የልጅቱ ወንድም ዘንድ ሲደርስ ሳምንት አልሞላውም። የላከላትን የድምፅ መልእክት ለማንም አላሰማችም፤ ስልክ ቁጥሯን ብቻ ለወጠች።

ፎርሽታንዱ፣ ማለትም የማኅበሩ አመራር፣ ትምህርቱን «መመሪያ እስኪወጣ» አገደ። መመሪያውን የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስት ወንዶችና ያቺ ተማሪ። የመጀመሪያው ስብሰባ ያለቀው ኮሚቴው ምን ይባል በሚለው ላይ ነው። እኔንም ጽሑፍ ስለምችል እንድገባ ጠየቁኝ፤ እምቢ አልኩ፣ ድፍረቴ ሁሌም እንደሚያደርገው ዘግይቶ ደርሶ። በወሩ ገንዳዋ ለሌላ ክፍል ተሰጠች። የምግብ ቤቱ ሰዎች አሁን ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈዋል። አሥራ አራቱ ሴቶች የትም አላለፉም። ያቺ ፊቷን ውኃ ሲነካት ትንፋሽ የሚያጥራት ወጣት ለሲስተር ትደውላለች፤ «መቼ ነው የምንጀምረው?» ትላታለች። ለሷ ኮሚቴ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት እኔም አልችልበትም።

ልጅቱን ባለፈው ኡባን ውስጥ አገኘኋት። ከሥራ መምጣቷ ነው፤ እጆቿ ከሳሙናው ቀልተዋል። አጠገቧ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታዬን እንደ ሱቅ ደረሰኝ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

«አንድ የጀርመኖች የመዋኛ ትምህርት ገብቼ ነበር» አለችኝ። «ወረቀቴን እንኳ አላዩም፤ ጎሽ አልኩ። በሁለተኛው ቀን አስተማሪዋ ሁሉንም ሰብስባ ስለ እኔ ንግግር አደረገች። ‹በመካከላችን በመገኘቷ እንኮራለን› አለች። ዋና ልብስ ለብሼ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አጨበጨቡልኝ።» ሣቀች። «አልተመለስኩም። እኔ እኮ መዋኘት ብቻ ነው የፈለግኩት። ሲስተርን ሲያገኟት ልክ አይደለሽም ብላለች ይበሉልኝ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ይከፋታል ይበሏት።»

በማግስቱ ሲስተር መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። መልእክቱን አደረስኩ። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጠረገችው።

«እሷም ልክ አይደለችም በላት» አለች። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሣ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ዘርግታ አሳየችኝ። «ይኸውልህ፣ እግሯን ከጉልበቷ እያጠፈች ነው የምትመታው፤ ለዚህ ነው ወደፊት የማትሄድ። ከዳሌዋ ትምታ። ጉልበቷ ይላላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ይላላ። አደራ፣ እንዳትረሳው ንገራት።»

እንዳልረሳው በደብዳቤ መጻፊያዬ ላይ ጻፍኩት። የት ውኃ ውስጥ እንደምትመታው ሲስተርም አላነሣች፣ እኔም አልጠየቅኩ።